የቼዝ ጨዋታችሁን እንዴት ትመረምራላችሁ? ስህተቱንም፣ ያመለጠውንም ዕድል

ሐዋሳ ውስጥ ሰዎች ቼዝ ሲጫወቱ ደጋግሜ አያለሁ። ማት ይባላል፣ ትንሽ ይሳቃል፣ ከዚያ «ድጋሚ!» ይባልና ጠጠሮቹ ወዲያው ይደረደራሉ። የጀበናው ቡና ሳይቀዘቅዝ ሁለተኛው ጨዋታ ተጀምሯል። ደስ ይላል፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን የመጀመሪያው ጨዋታ ውስጥ የነበረው ትምህርት ከጠጠሮቹ ጋር አብሮ ተጠረገ። እንዲህ እየተጫወቱ ዓመታት ማሳለፍና እዚያው ደረጃ ላይ መቆም ይቻላል።

ይህን የምጽፈው የቼዝን ሕግ ለሚያውቅ፣ ለፍቅሩ ለሚጫወት፣ አሠልጣኝ ለሌለው ሰው ነው። የሚያስፈልገው ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ሰሌዳና አንድ ሰዓት ያህል ጸጥ ያለ ጊዜ ነው። ስልክ ይጠቅማል፤ ተራው ግን ወደ በኋላ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ብዙዎቻችን ጨዋታ መመርመር ማለት የተሸነፍንበትን ስህተት መፈለግ ይመስለናል። ያ የሥራው ግማሽ ነው። ስህተት ያማል። ንግሥታችሁን ያስበላችሁበትን እርምጃ ማንም ሳይነግራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ያመለጠ ዕድል ግን አያምም። ተጋጣሚያችሁ ይሳሳታል፣ እናንተ ሳታዩት ታልፋላችሁ፣ ጨዋታው ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ሁለታችሁም አላያችሁትም፤ ስለዚህ የሚያነሳው ሰው የለም። ሆን ብሎ ያልፈለገው አያገኘውም። ባሸነፋችሁት ጨዋታ ውስጥ ደግሞ የባሰ ይደበቃል። ያሸነፈ ሰው ወደ ኋላ አያይማ!

ጨዋታውን ጻፉ

ያልተጻፈ ጨዋታ አይመረመርም። «አስታውሰዋለሁ» አትበሉ። ማታ ቤት ስትገቡ የምታስታውሱት መጨረሻውን ብቻ ነው።

አጻጻፉ ቀላል ነው። ሰሌዳው ላይ 64 ካሬዎች አሉ። ከነጭ ተጫዋች ግራ ወደ ቀኝ ያሉት መስመሮች ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች ይባላሉ። ከነጭ በኩል ወደ ጥቁር ደግሞ ከ1 እስከ 8 ይቆጠራል። የጠጠሩን ስምና የሄደበትን ካሬ መጻፍ ነው፤ «ፈረስ ኤፍ3» ማለት በቂ ነው። በላ ወይም ቼክ አለ ከሆነ አጠገቡ ምልክት አድርጉ። ለጥቂት ጨዋታዎች እጃችሁ ይንቀረፈፋል፤ ከዚያ ይለምዳል።

በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ሕግ መሠረት በረጅም ሰዓት በሚደረግ ውድድር መጻፍ ግዴታ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እርምጃውን አስቀድሞ ጽፎ ከዚያ መጫወት በድሮ መጻሕፍት ይመከር ነበር። ዛሬ አይፈቀድም። መጀመሪያ ጠጠሩን ታንቀሳቅሳላችሁ፣ ቀጥሎ ትጽፋላችሁ።

ለምርመራ የምትመርጡት ጨዋታ ለእያንዳንዳችሁ ቢያንስ 15 ደቂቃ የተሰጠበት ቢሆን ይሻላል። የሦስት ደቂቃ ጨዋታ ላይ ብዙ ስህተት ይገኛል፤ ምክንያቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱ ነው። ስለ አስተሳሰባችሁ የሚነግራችሁ ነገር ትንሽ ነው። ሌላው፣ ብዙ ያሰባችሁበት እርምጃ አጠገብ የቀራችሁን ሰዓት በትንሹ ጻፉ። በኋላ ወርቅ ይሆናል።

ከመነሳታችሁ በፊት ተጋጣሚያችሁን ጠይቁ

ይህን ደረጃ የሚዘሉት ብዙ ናቸው። ጨዋታው እንዳለቀ አሥር ደቂቃ ከተጋጣሚ ጋር ማውራት፣ ማንም ኢንጅን (ቼዝ የሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም) ሊሰጣችሁ የማይችለውን ነገር ይሰጣችኋል። የሌላውን ሰው ሐሳብ።

ሐይቁ ዳር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣችሁ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ተጫወታችሁ እንበል። ጥያቄው ቀላል ነው።

«ጋሼ፣ ካልቸኮሉ አንዴ ወደ ኋላ እንመልሰው? እዚህ ጋ ፈረሱን ወደ ኋላ ሲመልሱት ምን አስበው ነው?»

«ንግሥትህ ኤች5 ላይ ብትመጣብኝ ብዬ ነዋ። አልቆልኝ ነበር።»

«ኤች5? እኔ እኮ አላየሁትም!»

በቃ፤ አንድ ያመለጠ ዕድል ተገኘ። ተጋጣሚያችሁ የፈራው ነገር ብዙ ጊዜ እናንተ ያላያችሁት ነገር ነው። ስለዚህ «የት ጋ ነው የፈሩት?» የሚለውን ጥያቄ አትርሱ። መልሱን ወዲያው ጻፉት።

ስትጠይቁ ለመከራከር አትጠይቁ። የተሸነፈ ሰው «ባትሸወድ ኖሮ» መባል አይፈልግም፤ ያሸነፈም «በዕድል ነው» ሲባል ይከፋዋል። ከጎን ቆመው የሚያዩ ሰዎችም ይናገራሉ፤ ሐዋሳ ላይ ተመልካች የሌለበት ጨዋታ ብርቅ ነው። የሚሉትን በደብተራችሁ ጥግ ያዙ፣ ግን አስቀድሞ የተጫዋቾቹን ሐሳብ ጨርሱ።

ቤት ስትገቡ፣ ብቻችሁን፣ ያለ ኢንጅን

ይህ የምርመራው ልብ ነው። ስልኩን ራቅ አድርጉት። ኢንጅኑን ቀድማችሁ ከከፈታችሁ መልሱ ቀድሞ ይመጣል፣ አእምሯችሁም ሥራውን ያቆማል። መልሱን ያየ ተማሪ ጥያቄው ቀላል ነበር ይላል።

ሰሌዳውን ዘርጉና ጨዋታውን ከመጀመሪያው አንቀሳቅሱ። መጀመሪያ ላይ አትፍረዱ። በእያንዳንዱ ከባድ ቦታ ላይ ያኔ ያሰባችሁትን ብቻ ጻፉ። «እዚህ ጋ ሩኩን ልወስድ ነበር፣ ቼክ ፈርቼ ተውኩት።» «እዚህ ጋ ምንም ሐሳብ አልነበረኝም።» እውነቱን ጻፉ፤ ለማንም አታሳዩትም። ያሰባችሁት ነገር ከጨዋታው ዕለት በኋላ ቶሎ ይጠፋል፤ ስለዚህ ይህን ሥራ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ጨርሱት።

ቀጥሎ ወሳኝ ቦታዎቹን ፈልጉ። ሁሉንም እርምጃ እኩል ማየት ጉልበት ይጨርሳል። ብዙ ሰዓት የወሰዳችሁበት ቦታ አንዱ ነው። ንግሥቶች ወይም ብዙ ጠጠሮች የተበላሉበት ቦታ ሌላው ነው። ሦስተኛው ስሜታችሁ የተለወጠበት ነው፤ «አሁን ይዤዋለሁ» ወይም «አሁን አለቀልኝ» ያላችሁበት። ከነዚህ አራት ወይም አምስት ቦታ ምረጡ። ይበቃል።

ከተሸነፋችሁ ደግሞ ጨዋታውን ከኋላ ወደ ፊት ሂዱበት። ማት የሆናችሁበትን እርምጃ ያዙና «አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ መዳን ይቻል ነበር?» በሉ። ካልተቻለ ሌላ አንድ ወደ ኋላ። «እዚህ ጋ ገና መዳን ነበረብኝ» የሚያሰኝ ቦታ ላይ ስትደርሱ ቁሙ። እውነተኛው ስህተት ብዙ ጊዜ ካሰባችሁት ቦታ በጣም ቀደም ብሎ ይገኛል። ንግሥቲቱ የተበላችው በ30ኛው እርምጃ ላይ ይሆናል፤ መሸሻዋ የተዘጋው ግን በ24ኛው ነው።

የመዳን ዕድልም ያመልጣል። ይህን የምለው እጅ መስጠት ስለምንወድ ነው። ለምሳሌ ነጭ ንጉሥ፣ አንድ ቢሾፕና በኤች መስመር ላይ አንድ ወታደር አለው እንበል። ጥቁር ያለው ንጉሡ ብቻ ነው። ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ቢሾፑ በነጭ ካሬዎች ላይ የሚሄድ ከሆነና ጥቁር ንጉሥ ኤች8 ማዕዘን ላይ ከደረሰ ጨዋታው አቻ ነው። ኤች8 ጥቁር ካሬ ነው፤ ያ ቢሾፕ ንጉሡን ከዚያ ማባረር ፈጽሞ አይችልም። ይህን ባለማወቅ እጅ የሚሰጥ ሰው ግማሽ ነጥብ በነፃ እየሰጠ ነው። እጅ የሰጣችሁበትን የመጨረሻ ቦታ ሁሌም መርምሩ።

ያመለጠውን ዕድል አድኑ

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣን። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጨዋታውን እንደገና አንቀሳቅሱ፤ አሁን ግን የራሳችሁን እርምጃ ተዉትና የተጋጣሚያችሁን ብቻ ተመልከቱ። እያንዳንዱ እርምጃው ላይ ሁለት ጥያቄ አንሱ። ይህ ጠጠር ሲነሳ የትኛውን ጠጠር ወይም ካሬ መጠበቅ አቆመ? አዲስ የመጣበት ካሬ ላይ ማን ይጠብቀዋል?

ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ፈልጉ፤ መጀመሪያ ቼክ ሁሉ፣ ቀጥሎ መብላት ሁሉ፣ በመጨረሻ ዛቻ ሁሉ። «ሁሉ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሞኝ የሚመስለውም ይታያል። ዕድል የሚያመልጠን ሞኝ በሚመስለው እርምጃ ላይ ነው።

ሰሌዳችሁን አውጡና አብራችሁኝ አንቀሳቅሱ።

1. ነጭ ወታደር ኢ4፤ ጥቁር ወታደር ኢ5።
2. ነጭ ፈረስ ኤፍ3፤ ጥቁር ወታደር ዲ6።
3. ነጭ ቢሾፕ ሲ4፤ ጥቁር ቢሾፕ ጂ4።
4. ነጭ ፈረስ ሲ3፤ ጥቁር ወታደር ጂ6።

የጥቁር ቢሾፕ ጂ4 ላይ ሆኖ የኤፍ3ን ፈረስ ይዞታል። ፈረሱ ከተነሳ ከኋላው ያለችው ንግሥት ትበላለች። ስለዚህ ብዙ ሰው ነጭን ይዞ ወታደር ዲ3 ይላል። ጥሩ፣ ጨዋ እርምጃ ነው። ጨዋታው ይቀጥላል፣ ነጭ ምናልባት በ40ኛው እርምጃ ያሸንፋል፣ ይህን ቦታ ማንም አያስታውሰውም።

አሁን ጥያቄዎቹን ጠይቁ። ጂ4 ላይ ያለውን ቢሾፕ ማን ይጠብቀዋል? ማንም። የጥቁር ሁለቱ ፈረሶች የት ናቸው? ገና አልተነሱም። ንጉሡ አጠገብ ያለውን ኤፍ7ን ማን ይጠብቃል? ንጉሡ ብቻ። ሦስት ምልክት በአንድ ቦታ! እንግዲህ መብላት ሁሉ ይታይ ብለናል። ፈረሱ ኢ5ን ቢበላስ?

«ንግሥቴስ?» ትላላችሁ። እንይ። ጥቁር ቢሾፕ ንግሥቲቱን ዲ1 ላይ ይብላ። ነጭ ቢሾፕ ኤፍ7ን ይበላል፣ ቼክ። ንጉሡ ቢሾፑን መብላት አይችልም፤ የኢ5 ፈረስ ይጠብቀዋል። መሄጃው ኢ7 ብቻ ነው። አሁን የሲ3 ፈረስ ዲ5 ይገባል። ማት። ንግሥቲቱን ሰጥቶ በሁለት ፈረስና በአንድ ቢሾፕ ማት!

ጥቁር ብልህ ሆኖ ንግሥቲቱን ቢተዋትስ? በዲ6 ወታደር ፈረሱን ይብላ። ያኔ ነጭ ንግሥት ጂ4 ላይ ያለውን ጠባቂ የሌለው ቢሾፕ ትበላለች። ሒሳቡ ሲሰላ ነጭ አንድ ወታደር አትርፏል። ቢሾፑን ወደ ኋላ ቢያሸሸውም ያው ነው፤ የኢ5 ወታደር ተበልቷል። በሁሉም መንገድ ነጭ የተሻለ ነው። ይህ ማት በ18ኛው መቶ ዘመን በኖረው ፈረንሳዊ ተጫዋች በሌጋል ስም ይጠራል።

ግን ትምህርቱ ማቱን መሸምደድ አይደለም። እስቲ አንድ እርምጃ ወደፊት ሂዱ። ነጭ ዲ3 ብሎ ነበር፤ ጥቁር ደግሞ ፈረሱን ሲ6 ላይ ያውጣ። አሁን ነጭ ነቅቶ በፈረሱ ኢ5ን ይብላ። ጥቁር ንግሥቲቱን አይነካትም። በሲ6 ፈረስ የኢ5ን ፈረስ ይበላል። ያ ፈረስ አሁን የጂ4ን ቢሾፕም ይጠብቃል። ነጭ አንድ ፈረስ ከስሮ ያገኘው አንድ ወታደር ነው። ዕድሉ አንድ እርምጃ ብቻ ቆይቶ አለፈ። አራተኛው እርምጃ ላይ ጥቁር በወታደር ጂ6 ፋንታ የንጉሡን ፈረስ ኤፍ6 ላይ አውጥቶት ቢሆን ኖሮም ዕድሉ ጭራሽ አይኖርም ነበር። ፈረሱ ቢሾፑን ይጠብቃል፣ ማቱ ላይም ዲ5 የሚገባውን ፈረስ ይበላዋል።

ስለዚህ በደብተራችሁ ላይ «በአምስተኛው ፈረስ ኢ5 አመለጠኝ» ብላችሁ አትለፉ። እንዲህ ጻፉ፦ «ጠባቂ የሌለው ቢሾፕ ነበር። የጥቁር ፈረሶች አልወጡም ነበር። ንግሥቴ ትበላለች ብዬ ሳላሰላ ተውኩት።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከሁሉም ትበልጣለች። እርምጃው ወደ አእምሯችሁ ጭራሽ አልመጣም? ወይስ መጥቶ ሳታሰሉት ጣላችሁት? ወይስ አስልታችሁት መሃል ላይ ተሳሳታችሁ? ሦስቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

ይህ የእኛ የአማተሮች ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሶቺ፣ ሩሲያ ውስጥ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና 6ኛ ጨዋታ፣ ማግኑስ ካርልሰን ነጭን ይዞ በ26ኛው እርምጃ ንጉሡን ዲ2 ላይ አደረገ። ከባድ ስህተት ነበር። የጥቁር ፈረስ ኢ5 ላይ ያለውን ወታደር ቢበላ፣ ቀጥሎ ሲ4 ላይ በቼክ ሌላ ይጨምር ነበር። ቪስዋናታን አናንድ ግን ብዙም ሳያስብ ወታደሩን ኤ4 ላይ ገፋ። ዕድሉ ሄደ፣ ካርልሰንም ያን ጨዋታ አሸነፈ። አናንድ ያኔ የዓለም ሻምፒዮንነትን አምስት ጊዜ ያገኘ ሰው ነው። ፈረሱን እንዲያ መጠቀም አቅቶት አይደለም። በዚያ ቅጽበት የራሱን ዕቅድ እየተከተለ ነበር፤ ከተጋጣሚው ስህተት አልጠበቀም። እኛም ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው። ከእኛ የሚበልጥ ሰው ሲያንቀሳቅስ «አስቦበት ነው» እንላለን፣ አንፈትሸውም።

አሁን ስልኩን አምጡ

የራሳችሁን ሥራ ከጨረሳችሁ በኋላ ኢንጅን ጠቃሚ ነው። ስቶክፊሽ የሚባለው ኢንጅን ነፃ ነው፤ ከማንኛውም ሰው በላይ ይጫወታል። ሊቼስ በሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ ጨዋታችሁን አስገብታችሁ ያለ ክፍያ ማስመርመር ትችላላችሁ። ኔትወርክ ከሌለ ወይም ዳታ ካለቀ፣ አንድሮይድ ስልክ ላይ እንደ ድሮይድፊሽ ያለ መተግበሪያ ስቶክፊሽን ያለ ኢንተርኔት ያሠራል።

ቁጥሩን ማንበብ እንዲህ ነው። ሲደመር 1 ማለት ነጭ በግምት የአንድ ወታደር ያህል ብልጫ አለው ማለት ነው። ሲቀነስ ከሆነ ብልጫው የጥቁር ነው። ለእኛ ደረጃ ከግማሽ ወታደር በታች ያለ ልዩነት ላይ ጊዜ አታጥፉ። ኢንጅኑ ስለ 0.3 ሲጨቃጨቅ እናንተ ፈረስ እያስበላችሁ ነው። እንዲሁም ብልጫው ከ9 ወደ 6 ወረደ ብላችሁ አትደንግጡ፤ በሁለቱም ታሸንፋላችሁ።

ሊቼስ ከምርመራው ጋር የሚያሳየው የመስመር ሥዕል አለ። ጨዋታው ወደ ማን እንዳዘነበለ ከፍና ዝቅ እያለ ያሳያል። ሰዎች የሚያዩት ትልቁን መውደቂያ ነው። እናንተ ግን ሹሉን ጫፍ ፈልጉ። መስመሩ ወደ እናንተ በኩል ድንገት ወጥቶ፣ በሚቀጥለው እርምጃ ተመልሶ ከወረደ፣ እዚያ ጋ ተጋጣሚያችሁ ተሳስቷል፣ እናንተም አልቀጣችሁትም። ያ ጫፍ ያመለጠ ዕድል ነው። ሹል ጫፎቹን ብቻ ይዛችሁ ብትመረምሩ እንኳ ትልቅ ሥራ ነው።

ሹሉ ጫፍ ላይ ስትደርሱ የኢንጅኑን መልስ ሸፍኑና ራሳችሁ ፈልጉ። ሊቼስ ላይም ከስህተታችሁ እንድትማሩ የሚያደርግ ክፍል አለ፤ የተሳሳታችሁበትን ቦታ ያመጣና የተሻለውን እርምጃ እናንተ እንድታገኙ ይጠይቃል። ካገኛችሁት ወይም ካያችሁት በኋላ ከኢንጅኑ ጋር ተከራከሩ። «ጥቁር ይህን ቢያደርግስ?» እያላችሁ የመጣላችሁን መከላከያ ሁሉ አንቀሳቅሱና መልሱን ተመልከቱ። እርምጃው ለምን እንደሚሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር በራሳችሁ ቋንቋ መጻፍ ካልቻላችሁ ገና አልገባችሁም። ኢንጅኑ አሥር እርምጃ ወደፊት አይቶ ያመጣው ነገር ከሆነና ማብራራት ካቃታችሁ ዝለሉት። ሁሉም ዕድል የእናንተ ዕድል አልነበረም።

ኢንጅኑ የሚያሳየው ሌላም ነገር አለ። እናንተ ብቻችሁን ስትመረምሩ «ድንቅ» ብላችሁ የጻፋችሁት እርምጃ ሐሰት ሆኖ ይገኛል። እሱንም ጻፉት። በምርመራ ላይ የሠራችሁት ስህተት ሰሌዳ ላይ ከሠራችሁት እኩል ያስተምራል።

ምክንያቱን መድቡ

ለእያንዳንዱ ስህተትና ያመለጠ ዕድል አንድ ምክንያት ስጡ። «ፈረሴን አስበላሁ» ምክንያት አይደለም፤ የሆነው ነገር ነው። ምክንያቱ ከዚያ በስተጀርባ ነው። የተጋጣሚን ዛቻ አላየሁም። አይቼ በስህተት አሰላሁ። ሰዓት አለቀብኝ። ቸኮልኩ። አንድ ጠጠር ከበላሁ በኋላ ዘና አልኩ። ፈራሁ።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ላይ ቆም በሉ። ብልጫ ካገኘን በኋላ ጨዋታው ያለቀ ይመስለንና ማሰብ እናቆማለን። ፍርሃት ደግሞ ዕድል የሚያመልጥበት ትልቁ በር ነው። ንጉሡ ላይ መሄድ ሲገባን ወታደር እየገፋን «ለጥንቃቄ» እንላለን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ትክክል ነው። ግን የፈራችም ባዶ እጇን ነው የምትመለሰው፤ እሷን የሚወቅሳት ስለሌለ ነው እንጂ። ደብተራችሁ ላይ ሁለቱን ለዩ፤ የምትቸኩሉ ናችሁ ወይስ የምትፈሩ? ጥቂት ጨዋታዎች ከመረመራችሁ በኋላ መልሱ ራሱ ይወጣል።

ልምምዱ የሚመረጠው ከዚህ በኋላ ነው። እርምጃው ጭራሽ ወደ አእምሯችሁ የማይመጣ ከሆነ የቼዝ እንቆቅልሽ ሥሩ፤ ዓይን የሚለምደው በብዛት በማየት ነው። ታይቷችሁ ስሌቱ የሚበላሽ ከሆነ ጥቂት ከባድ እንቆቅልሾችን ጠጠር ሳትነኩ በጭንቅላት ብቻ እስከ መጨረሻው አስሉ። ሰዓት የሚያልቅባችሁ ከሆነ አጠገቡ የጻፋችሁትን የሰዓት ቁጥር ተመልከቱ፤ መክፈቻው ላይ ስንት ደቂቃ እንዳጠፋችሁ ሲታይ ትገረማላችሁ። የተጋጣሚን ዛቻ የማታዩ ከሆነ ደግሞ ልምምዱ ሰሌዳው ላይ ነው፤ እሱ ባንቀሳቀሰ ቁጥር «አሁን ምን ሊያደርግ ነው?» ሳትሉ ጠጠር አትንኩ።

ለሌላ ሰው አሳዩት

የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ሚካኤል ቦትቪኒክ የራስን ጨዋታ መርምሮ ትንታኔውን ለሕዝብ ማውጣትን አጥብቆ ይመክር ነበር። ሌሎች ስህተቱን እንዲያገኙ ነው። እኛ ለማሳተም አንደርስም። ግን ሁለት ወይም ሦስት የቼዝ ጓደኞች ካሏችሁ፣ የቦታውን ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም መላክ ምን ያህል ቀላል ነው? ስታስረዱ የማትችሉት ቦታ ላይ ነው ያልገባችሁን የምታውቁት።

በሳምንት አንድ ጨዋታ እንዲህ ቢመረመር ይበቃል። ያሸነፋችሁትንና የተሸነፋችሁትን እያፈራረቃችሁ ውሰዱ። ከእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ወይም ሁለት ቦታ ምረጡና በተለየ ገጽ ላይ ሥዕሉን ሣሉ፤ የጠጠሮቹን ቦታና የማን ተራ እንደሆነ ብቻ። መልሱን ከገጹ ጀርባ ጻፉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሰሌዳ ላይ ደርድራችሁ እንደ አዲስ ፈልጉት። ያኔ ቶሎ ካያችሁት ተምራችኋል፤ አሁንም ካለፋችሁት ገጹን ምልክት አድርጋችሁ መልሱት።

እነዚህን ገጾች ከጓደኛ ጋር ስትለዋወጡ «ነጭ ያሸንፋል፣ ፈልግ» ብላችሁ አትስጡ። እውነተኛ ጨዋታ ላይ ዕድል መኖሩን በጆሯችሁ የሚነግራችሁ የለም። ስለዚህ ምንም ዕድል የሌለባቸውን ቦታዎችም መሃል ላይ ቀላቅሉ። ከላይ ያየነውን የሌጋል ቦታ አንዱ ገጽ ላይ ሣሉት፤ ሌላው ገጽ ላይ ደግሞ ነጭ ዲ3 ብሎ የጥቁር ፈረስ ሲ6 የወጣበትን። ጓደኛችሁ በሁለቱም ላይ ኢ5ን ከበላ፣ ወይም በሁለቱም ላይ ከፈራ፣ ቡናው እስኪፈላ የምትነጋገሩበት ጉዳይ ተገኘ።